ዘቡን የሚቀሰቅስ መድኃኒት

ቲቢን የሚያመጣው ባክቴሪያ በዓለም ዙሪያ በዘር ሐረግ ተከፋፍሎ ይታወቃል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰውን የሚያጠቁት ዋና ዋና ሐረጎች ስድስት ናቸው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሬቡማ ፍርዴሳ፣ ስቴፋን በርግና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የሳንባና የእጢ ቲቢ ታማሚዎች የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን መርምረው ሲያሳትሙ ሰባተኛው ተገለጠ። በብዛት የታየው ደግሞ ወልድያ አካባቢ ነው። ከወልድያ ተነስቶ በመቀሌ መንገድ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ የራያዋ ቆቦ ለመግባት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ የዘረመል ጥናት፣ ቲቢን ወደ አፍሪካ ያመጡት አውሮፓውያን ናቸው የሚለው የቆየ ግምት ለኢትዮጵያ እንደማይሠራ አሳየ። በሽታው እዚህ ከእኛ ጋር የኖረ ነው። በዚያው ዓመት ሰሎሞን አበበ ይመርና ባልደረቦቹ በአማራ ክልል ባደረጉት ጥናት፣ የሰባተኛው ሐረግ ታማሚዎች ከሌሎቹ ይልቅ ዘግይተው ወደ ሕክምና እንደሚመጡ አስተዋሉ። በቤተ ሙከራም ቢሆን ይህ ባክቴሪያ አዝጋሚ ነው፤ ለማደግ ጊዜ ይወስዳል። ሳሉ እየተጎተተ፣ ሰውየው እየከሳ፣ «ብርድ መታኝ» እየተባለ ወራት ያልፋሉ።

ቆቦ ላይ ይህ ምን እንደሚመስል ለማየት ከጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል በር ላይ መቀመጥ ይበቃል። ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ ከግቢው ጥግ፣ መስኮቱ ክፍት የሆነ፣ ንፋስ እንደልብ የሚገባበት ነው። ጠረጴዛው ላይ መዝገብ፣ በየታማሚው ስም የተለየ የክኒን ካርቶን፣ የአክታ መያዣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ዕቃዎች። አራት መድኃኒት በአንድ ላይ የተዋሃዱበት ቡናማ ክኒን በክብደት ተቆጥሮ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራቱ፣ ቀጣዮቹ አራት ወራት ሁለቱ። ሽንት ብርቱካናማ ሲሆን እንዳይደነግጡ አስቀድሞ ይነገራቸዋል።

«አባቴ፣ ሳሉ እንዴት አለልዎ?» ይላል የጤና ባለሙያው።

«አልሐምዱ ሊላህ፣ ቀሎኛል። ጉልበቴ ግን አልተመለሰም ልጄ።»

«አብሽሩ፣ ይመለሳል። ክኒኑን እንዳያቋርጡ።»

ሽማግሌው ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አጣፍተው ይወጣሉ። ማሽላው በሚደርስበት ወቅት ከቤት የዋለ ሰው በራያ ቆላ ምን እንደሚያጣ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔን ከዚህ አጭር ንግግር ውስጥ የያዘኝ «ጉልበቴ አልተመለሰም» የሚለው ነው። መድኃኒቱ ጀርሙን እየገደለ ነው፤ በምርመራም አክታው ንጹሕ ይሆን ይሆናል። ሰውየው ግን ገና አልቆመም። የሕክምናው መለኪያ ጀርሙ ነው፤ የታማሚው መለኪያ ሞፈርና ማጭድ መያዝ መቻሉ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በመድኃኒት መሙላት ይቻላል ወይ? ይህ ጥያቄ ከስቶክሆልም እስከ ቫንኩቨር፣ ከዳካ እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ ሰዎችን ሲያሠራ ቆይቷል።

*

ስለ ቲቢ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛው በቲቢ ባክቴሪያ ተይዞ ያውቃል። ከተያዙት ውስጥ ግን በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ከአሥር ሰው ዘጠኙን ያለ ክኒን፣ ያለ መርፌ፣ ሳያውቀው የሚጠብቀው የገዛ ሰውነቱ ነው። ይህን ጠባቂ ከፋርማሲ መደርደሪያ ላይ አናገኘውም።

ሰውነት ለዚህ ሥራ ከሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች አንዱ ፔፕታይድ ነው። ፔፕታይድ ማለት ጥቂት አሚኖ አሲዶች በሰንሰለት የተያያዙበት አጭር ፕሮቲን ነው። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ነው። በቆዳችን፣ በምራቃችን፣ በሳንባችን ሽፋንና በነጭ የደም ሴሎቻችን ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያጠሩ፣ ተሕዋስ ሲገባ የሚለቀቁ አሉ።

የመጀመሪያዎቹ የተገኙት ከሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የስዊድኑ ሃንስ ቦማንና ባልደረቦቹ ከአንድ ትልቅ የእሳት ራት ሙሽሬ ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድሉ ፔፕታይዶች አወጡ። በ1987 አሜሪካ ውስጥ ማይክል ዛስሎፍ፣ ለዘረመል ጥናት ብሎ በቀዶ ሕክምና እንቁላላቸውን የሚያወጣላቸው እንቁራሪቶች ቁስላቸው ተሰፍቶ ወደ ቆሻሻ ገንዳቸው ሲመለሱ ለምን እንደማያመረቅዙ ገረመው። ከቆዳቸው ያወጣው ፔፕታይድ መልሱ ነበር። የእነዚያ እንቁራሪቶች ዘመዶች በኢትዮጵያ ደጋ ኩሬዎችም አሉ። በ1988 ደግሞ ጣልያን ውስጥ ተመራማሪዎች ከከብት ነጭ የደም ሴል 12 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ቁራጭ ለይተው አሳተሙ፤ ባክቴኔሲን ይባላል። ቆቦ በገበያ ቀን ቀንዳቸው እንደ ዋንዛ ቅርንጫፍ ወደ ላይ የተንዠረገገ የራያ ሰንጋዎች ሲሰለፉ ያየ ሰው፣ በእነዚህ ከብቶች ደም ውስጥ የወደፊት መድኃኒት ንድፍ ይኖራል ብሎ አያስብም። ይህን ቁራጭ እናስታውሰው፤ እንመለስበታለን።

የሰው የሆነው በ1995 ታወቀ። ከደረሱበት መካከል በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ተቋም የነበሩት ቢርጊታ አገርበርት ይገኙበታል። ኤልኤል-37 ይሉታል፤ 37 አሚኖ አሲዶች ያሉት ነው። ሰውነት በረዘመ መልክ ሠርቶ ያስቀምጠውና አስፈላጊ ሲሆን ይቆርጠዋል።

ሰዎች ያኔ ያሰቡት ቀላል ነበር፦ ፔፕታይዱ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ስለዚህ አዲስ አንቲባዮቲክ አገኘን። ከእንቁራሪቷ ፔፕታይድ የተሠራ ፔክሲጋናን የተባለ ቅባት ለስኳር ሕሙማን የእግር ቁስል ተሞክሮ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1999 ሳይፈቅደው ቀረ፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተሞክሮም በ2016 ወደቀ። ፔፕታይድ በደም ውስጥ በፍጥነት ይፈርሳል፣ በአፍ ቢወሰድ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል፣ መጠኑ ሲበዛ የራስን ሴል ይጎዳል፣ ለመሥራትም ውድ ነው።

ከዚህ ውድቀት ውስጥ ግን አንድ ትዝብት ወጣ። ኤልኤል-37 በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ጎበዝ ገዳይ ቢሆንም፣ በሰውነት ውስጥ ያለው ጨው የመግደል ኃይሉን ያዳክመዋል። ታዲያ ተፈጥሮ ለምን አቆየችው? ብዙዎች የሚሰጡት መልስ፣ ዋና ሥራው መግደል ስላልሆነ ነው የሚል ነው። ፔፕታይዱ ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ቁስሉ ይጠራል፣ ሴሉ የዋጠውን ተሕዋስ እንዲፈጭ ይገፋፋል፣ ከመጠን ያለፈውን መቆጣት ያበርዳል።

በቆቦ ሜዳ ማሽላው ሲያሸት ግሪሳ ይመጣል። ገበሬው ማሳው መሃል ማማ ሠርቶ ልጁን ወንጭፍና ጅራፍ አስይዞ ያወጣዋል። ግሪሳን በመርዝ መጨረስ አንድ መንገድ ነው፤ መርዙን የተለማመደና ከመርዙ ያመለጠ መንጋ ግን ነገ ይመጣል። ማማው ላይ ያንቀላፋውን ልጅ መቀስቀስ፣ ወንጭፉን ማቀበል፣ ከጎረቤት ማሳ ሌሎች ጠባቂዎችን መጥራት ሌላው መንገድ ነው። እነዚህ ፔፕታይዶች የሚሠሩት ሁለተኛውን ነው። ባክቴሪያው በቀጥታ ስለማይነካ መላመድ ይከብደዋል ተብሎም ይታሰባል። በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው በመድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞተ በተገመተበት ዓለም ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

*

ይህን ሐሳብ ወደ ንድፍ የለወጡት በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሃንኮክ፣ ብሬት ፊንሌይና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 አይዲአር-1 ብለው የሰየሙትን ባለ 13 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ አስተዋወቁ። በሳህን ላይ ባክቴሪያ ሲያገኝ ምንም አያደርግም። አይጥ ውስጥ ሲገባ ግን ከሳልሞኔላም፣ መድኃኒት ከተላመደው ስታፊሎኮከስም ጠበቃት፤ ከሕመሙ በፊት ቢሰጥም በኋላ ቢሰጥም ሠራ። ባክቴሪያ የማይገድል የባክቴሪያ መድኃኒት ነበር።

ቀጣዩ ጥያቄ የተሻለው የቱ ነው የሚል ነበር። ለ12 ቦታ፣ በየቦታው ከ20 አሚኖ አሲድ አንዱን መምረጥ ቢቻል፣ ሊኖሩ የሚችሉት ሰንሰለቶች 4,096 ትሪሊዮን ናቸው። ይህን ሁሉ ሠርቶ መሞከር አይቻልም። ስለዚህ ከሚታወቅ መነሻ ይጀመራል። የቫንኩቨሩ ቡድን መነሻ ካደረጋቸው አንዱ ያ የከብት ባክቴኔሲን ነው። ወረቀት መሰል በሆነ የሴሉሎስ ገጽ ላይ፣ እንደ ጤፍ ዘር ተራርቀው የተቀመጡ ነጠብጣቦች አሉ፤ በየነጠብጣቡ አንድ ፔፕታይድ ይሠራል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ይለወጣል። ከዚያ የሰው ነጭ የደም ሴል ይሰጠዋል፤ ሴሉ የትኞቹን መልእክተኛ ኬሚካሎች እንደለቀቀ ይለካል። ጠባቂ የሚጠራውን ኬሚካል ያበዛ፣ እሳት የሚያነደውን የቀነሰ ፔፕታይድ ያልፋል። ሴሉን የገደለ ይጣላል። ያለፈው እንደገና ይለወጣል።

ከዚህ ሥራ የወጣው አይዲአር-1018 12 አሚኖ አሲዶች አሉት። ለቆላ ሰው ትርጉም ያለው ሙከራ የተደረገበት በ2012 ነው፤ አንጎልን የሚያጠቃ ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ ከወባ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ከሞት የሚተርፉት በዙ። በከባድ ወባ ሰውን የሚገድለው ጥገኛው ብቻ አይደለም፤ የሰውነት የራሱ ቁጣም አንጎል ውስጥ ነድዶ ይገድላል። ፔፕታይዱ ያበረደው ያንን ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ወባ በሚያንገላታው በቆቦ ሜዳ፣ ልጅዋ ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ ያየች እናት ይህ ልዩነት ይገባታል። በ2013 ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ ይኸው ፔፕታይድ ቲቢ ባለባቸው አይጦች ላይ ተሞክሮ የሳንባውን ጉዳት ቀነሰ።

ሁሉም አይጥ ነው። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ በአይጥ ላይ የተሳካ፣ ሰው ላይ ሲደርስ የሚወድቅ መድኃኒት ስፍር ቁጥር የለውም። የዚሁ ቤተሰብ የሆነውና አምስት አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ዱስክዌታይድ፣ በካንሰር ሕክምና ምክንያት የአፍ ውስጥ ቁስል በሚያሠቃያቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2020 በመጨረሻው ደረጃ ሙከራ ዋና ግቡን በበቂ እርግጠኝነት ሳያሳካ ቀረ። በሽታ መከላከልን ያነቃል ተብሎ በብዙ አገር ለጉበት ቫይረስ የሚሸጠው ታይሞሲን አልፋ 1 የተባለ ፔፕታይድም፣ ቻይና ውስጥ ደማቸው በተመረዘ ከ1,100 በላይ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ በ2025 በወጣው ውጤት ሞትን አልቀነሰም። የሰውነት መከላከያ ብዙ እጅ ያለው ነው፤ አንዱን ጫፍ ስንስብ ሌላው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ከባድ ነው።

ያም ሆኖ መንገዱ ራሱ ባዶ እንዳልሆነ ማስረጃ አለ። የቲቢ ማጅራት ገትር ያለበት ሰው ከፀረ ቲቢው ጋር ዴክሳሜታዞን ሲሰጠው የመሞት ዕድሉ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2004 ቬትናም ውስጥ ታይቷል። በኮቪድ ጊዜም ኦክስጅን ያስፈለጋቸውን ያተረፈው ይኸው ርካሽ መድኃኒት ነው። ሁለቱም ጊዜ መድኃኒቱ ጀርሙን አልነካም። የታማሚውን ሰውነት አገዘ እንጂ።

*

ሳይንሱ ለእኛ አገር የቀረበው በሌላ በር ነው። ይህ በር ከዳካ ይጀምራል።

የባንግላዴሽና የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣውን ሺጌላን ሲያጠኑ አንድ ተንኮል አገኙ፤ በ2001 አሳተሙት። ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ሲገባ ኤልኤል-37 የሚሠራበትን ዘረመል ዝም ያሰኘዋል። ጠባቂውን አስተኝቶ ነው የሚገባው። እንግዲያው ፔፕታይዱን በፋብሪካ ሠርቶ ከመስጠት ይልቅ ዘረመሉን መልሶ መክፈት ቢቻልስ? ሩብሃና ራቂብና ባልደረቦቿ ለጥንቸሎች ቡቲሬት የተባለ ቀላል አሲድ ሲሰጡ ፔፕታይዱ ተመለሰ፣ ሕመሙም ቀለለ። ቡቲሬት ሽታው መጥፎ በመሆኑ የእሱ ዘመድ የሆነው ፌኒልቡቲሬት ተመረጠ፤ ይህ በዘር የሚመጣ የአሞኒያ መከማቸት ላለባቸው ልጆች ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረ ክኒን ነው። ተጠቅልሎ የተቆለፈውን ዘረመል እንዲላላ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ቁልፍ ቫይታሚን ዲ ነው። በ2006 ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ማክሮፌጅ የሚባለው ዋጭ ነጭ የደም ሴል የቲቢን ባክቴሪያ ሲያገኝ ከደም ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ዲ ወስዶ ወደሚሠራ መልክ ይለውጠዋል፤ ያም ኤልኤል-37ን ያሠራል። ቫይታሚኑ ከሌለ ትእዛዙ አይተላለፍም። በሙከራው የጥቁር አሜሪካውያን የደም ፈሳሽ ቫይታሚን ዲ ስለሚያንሰው ሴሎቹ ፔፕታይዱን ማምረት ተሳናቸው፤ ቫይታሚኑ ሲጨመር ግን አመረቱ። የቆዳ ጥቁረት የፀሐይን ጨረር ስለሚያጣራ ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ በፀሐይ መቆየት ይፈልጋል። ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ቲቢን በብርሃን አክሞ በ1903 ኖቤል ሲሸለም ይህ ሁሉ አልታወቀም ነበር።

የቲቢ ባክቴሪያ ማክሮፌጅ ውስጥ ገብቶ የሚደበቅ መሆኑን ስናስብ የሁለቱ ቁልፎች ጥቅም ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ዋጩ ሴል የበላውን ነገር ከረጢት ውስጥ አስገብቶ ይፈጫል። የቲቢ ባክቴሪያ ይህን መፍጨት ያስቆምና በከረጢቱ ውስጥ ተመችቶት ይኖራል። ቫይታሚን ዲና ፌኒልቡቲሬት አንድ ላይ ሲሆኑ ሴሉ ከረጢቱን እንደገና ወደ መፍጫው እንዲወስድ ያደርጋሉ። በላቦራቶሪ ይህ በግልጽ ታይቷል።

በሰው ላይ የተፈተነው አዲስ አበባ ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞች አምሳሉ በቀለ፣ ጌታቸው አደራዬ፣ ሰናይት አሸናፊና ሌሎችም፣ ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና ከካሮሊንስካዎቹ ሱዛና ብሪገንቲ፣ ቢርጊታ አገርበርትና ሌሎች ጋር ሆነው የሠሩት ሙከራ በ2018 ታተመ። የሳንባ ቲቢ ታማሚዎች የተለመደውን የስድስት ወር መድኃኒት እየወሰዱ፣ ግማሾቹ በተጨማሪ በየቀኑ 5,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲና ሁለት ባለ 500 ሚሊግራም የፌኒልቡቲሬት ክኒን ለ16 ሳምንታት ዋጡ። ሌሎቹ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ባዶ ክኒን። ማን የትኛውን እንደወሰደ ታማሚውም ሐኪሙም አያውቅም። በዋናው ስሌት 348 ሰዎች ገቡ።

መጀመሪያ የታየው አብዛኞቹ ቫይታሚን ዲ የሚያንሳቸው መሆኑ ነው፤ 13 ወር ፀሐይ በምንልባት አገር። በ16ኛው ሳምንት መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 127.4 ናኖሞል በሊትር ደርሰው ከባዶ ክኒን ወሳጆች በብዙ በልጠዋል። ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የደረት ውጋት፣ ትኩሳት፣ መክሳት የመሳሰሉት ተደምረው በሚሰጡት የሕመም ነጥብ፣ በስምንተኛው ሳምንት መድኃኒቱን የወሰዱት በግማሽ ነጥብ ገደማ የተሻለ ቀለላቸው። የጤና ችግር የገጠማቸው ከባዶ ክኒን ወሳጆች 24.3 በመቶ፣ ከመድኃኒቱ ወሳጆች 12.6 በመቶ ነበሩ። አክታ ከባክቴሪያ በሚጠራበት ፍጥነት ግን ልዩነት አልታየም።

ይህን ውጤት እንዴት ማንበብ እንዳለብን ብዙ አስቤበታለሁ። ጥብቅ የሆነ አንባቢ «የጀርሙን መጥፋት ካላፈጠነው ምን ይረባል?» ይላል። ግማሽ ነጥብም ትልቅ አይደለም። በእኔ እምነት ግን ይህ ሙከራ የለካው በትክክል የቆቦው ሽማግሌ የጠየቁትን ነው። ጀርሙን የሚገድል መድኃኒት አለ፤ ይሠራል። የጎደለው ሰውየውን ቶሎ የሚያቆመው ነው። ሰሞኑን ስለ መድኃኒት ስንነጋገር የሰውን መቆም እንደ ተራ ነገር፣ የጀርሙን መሞት ብቻ እንደ ሳይንስ የምንቆጥርበት ልማድ ሊቀር ይገባል። እርሻው የሚጠብቀው፣ ልጆቹ የሚጠብቁት ሰው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢነሳ ለቤተሰቡ የአንድ ዓመት እህል ሊሆን ይችላል።

ስጋትም አለ፤ እንዲያውም ከበድ ያለ። ቀለል ያለው ታማሚ ክኒኑን ያቋርጣል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የስድስት ወር ሕክምና ትልቁ ጠላት ሁለተኛው ወር ላይ የሚመጣው መሻል ነው። ባክቴሪያው ሳይጠራ ሕመሙን ብቻ የሚያቀል ክኒን ጠንካራ ክትትል በሌለበት ቢሰጥ፣ ማቋረጥንና መድኃኒት መላመድን ሊያባብስ ይችላል። ኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር የወጣችው በ2021 ነው፤ ያንን ለመመለስ ምክንያት መስጠት አይገባም። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ሕክምና የሚገባው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ በምትደርስበት፣ መዝገቡ በሚሠራበት ቦታ ነው። በዚያው በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ቆቦንና አካባቢውን ሲያዳርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ታማሚዎች ከመድኃኒታቸው ተቆራርጠዋል። ክትትል እንዴት እንደሚፈርስ ይህ አገር ያውቃል።

ሌላም ጥንቃቄ። ይህን አንብቦ ከፋርማሲ ቫይታሚን ዲ ለመግዛት የሚነሳ እንዳይኖር። ሞንጎሊያ ውስጥ ከ8,800 በላይ ልጆች ላይ በተደረገና በ2020 በታተመ ሙከራ ቫይታሚን ዲ ብቻውን ልጆችን ከቲቢ መያዝ አልጠበቀም። ለንደን ላይም ያለ ፌኒልቡቲሬት ከቲቢ መድኃኒቱ ጋር ተሞክሮ፣ በ2011 በታተመው ውጤት በጥቅሉ የአክታን መጥራት አላፈጠነም። የአዲስ አበባው ቡድን ራሱ ሁለቱን መድኃኒቶች ገና ሕክምና ላልጀመሩ የኤችአይቪ ታማሚዎች ሰጥቶ በ2019 ባሳተመው ውጤት፣ ቫይታሚኑ በደም ውስጥ ቢስተካከልም የቫይረሱ መጠን አልቀነሰም፣ የመከላከያ ሴሎቹ ቁጥርም አልጨመረም። ያልሠራውን እንደሠራው አድርገው አለማሳተማቸው የሥራቸውን ክብር ያሳያል።

ታዲያ የተነደፈው ፔፕታይድ ይሻላል ወይስ የራስን ፔፕታይድ የሚያስመርተው ክኒን? ለጊዜው በእኛ እጅ ያለው ሁለተኛው ነው። ክኒን ነው፣ በአፍ ይወሰዳል፤ ማቀዝቀዣ በሌለው ጤና ኬላም ይቀመጣል። ቫይታሚን ዲ ርካሽ ነው። ፌኒልቡቲሬት ግን በሀብታም አገር የብርቅ በሽታ መድኃኒት ተብሎ በውድ ስለሚሸጥ ዋጋው መፍትሔ ይፈልጋል። የተነደፈው ፔፕታይድ በአንጻሩ ዒላማው የጠራ ነው፤ የትኛውን መልእክት ማብዛት፣ የትኛውን ማጥፋት እንዳለበት ተመርጦ ይሠራል። ችግሩ መርፌ መሆኑ፣ መፍረሱና ዋጋው ነው። ተመራማሪዎች ጫፉን በኬሚካል በመዝጋት፣ አሚኖ አሲዶቹን በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ምስል ገልብጠው በመሥራት ኢንዛይም እንዳይቆርጠው እያደረጉ ነው። ለሳንባ በትንፋሽ የሚሳብ እንዲሆንም ይሞከራል። አንዱ ሌላውን አይሽርም፤ ክኒኑ ላይ የምንማረው ነገ ለፔፕታይዱ ይሆናል።

ለእኔ የሚያስቆጨኝ ግን ሌላ ነው። የወልድያው ሰባተኛ ሐረግ ከዓለም ሁሉ በብዛት በእኛ አካባቢ ይገኛል። ማክሮፌጅ ውስጥ እንደሌሎቹ ነው የሚደበቀው? ኤልኤል-37ን ከሌሎቹ በበለጠ ዝም ያሰኛል ወይስ ያነሰ? አዝጋሚ እድገቱ መከላከያውን ሳይቀሰቅስ ለመኖር የሚረዳው ይሆን? እነዚህን ጥያቄዎች ሊመልስ የሚችል ናሙና የሚገኘው ከወልድያ፣ ከሮቢት፣ ከቆቦ፣ ከአላማጣ ታማሚዎች ነው፤ በሌላ አገር የተሠራ ጥናት አይመልሳቸውም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ሙከራውን የመሩት ሐኪሞችና የአርማወር ሐንሰን ላቦራቶሪዎች አሉ።

የሚቀጥለው ሙከራ ወደ ራያ ቢመጣ፣ በቅጹ ላይ ከአክታው ውጤት ጎን ሁለት ዓምድ እንዲጨመርበት እመክራለሁ። አንደኛው የታማሚው ባክቴሪያ ከየትኛው ሐረግ እንደሆነ። ሁለተኛው ታማሚው ወደ ሥራው የተመለሰው በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ፣ ክኒኑንም እስከ ስድስተኛው ወር መውሰድ አለመውሰዱ። የመጀመሪያውን ላቦራቶሪው ይሞላዋል፤ ሁለተኛውን ቀበሌውን ቤት ለቤት የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ።